ይሉኝታ የማያውቅ ፍርግርግ

አባቴ በሰፈራችን የታወቀው በዓይኑ ነበር። ገበሬ ነው፤ የሚያርሰው ጨፋ ሸለቆ፣ የሚያድረው ከሚሴ። ከቦርከና ወንዝ ማዶ የሚግጠው ከብት የማን እንደሆነ ከወዲህ ቆሞ ይናገር ነበር። ሰው የሚፈልገው ግን ለከብት አልነበረም። በረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ የሰፈራችን ወንዶች ከከተማው በስተምሥራቅ ካለች ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ፊታቸውን ወደ ምዕራቡ ተራራ አዙረው አዲሷን ጨረቃ ይጠብቃሉ። ከታየች ማግስቱ ዒድ ነው፤ ካልታየች አንድ ቀን ይጨመራል። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያችን ክር የምታህል ጨረቃ ቀድሞ የሚያያት አባቴ ነበር። ጣቱን ይቀስርና «አርጌራ» ይላል፤ በኦሮምኛ አይቻለሁ ማለት ነው። እሱ አርጌራ ካለ ሰው ወደየቤቱ ይመለሳል።

ዓይኑን ሞራ እየሸፈነው መሆኑን ማንም አላወቀም፤ እሱም ጭምር። ሞራ ሌባ ነው። ባንድ ሌሊት ጠራርጎ አይወስድም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ ነው የሚሰርቀው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ አባቴ እንደ ልማዱ ጉብታዋ ላይ ጣቱን ቀሰረና «አርጌራ» አለ። አጠገቡ የነበሩት ጣቱን ተከትለው አዩ። ምንም አልታያቸውም። ነገር ግን ለዚያ ሽማግሌ፣ ያውም ለዚያ ዓይን፣ «ኧረ ምንም የለም» የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን የሆነው ነጋዴ «አዎ፣ ያቻትና» አለ። ሌላውም «እኔም አየኋት» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉብታው በሙሉ ያልነበረች ጨረቃ አይቶ ወረደ። የኛ ሰው ለትልቅ ሰው ሲል ከእውነት ጋር ቢጣላ ግድ የለውም። ይሉኝታ ብለን ስም አወጣንለት፤ ጨዋነት ነው ብለን አሳደግነው።

ማታ ሬዲዮው ጨረቃ እንዳልታየችና ነገም ጾም እንደሆነ ተናገረ። ሰፈራችን ከሬዲዮው ይልቅ አባቴን አመነ። በማግስቱ እኛ አርደን ስንበላ፣ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር ጾሙን እንደያዘ በግርምት ያየን ነበር። ወሬው ሰንበቴ ገበያ ደርሶ፣ «ለነሱ ለብቻቸው ጨረቃ ወጣችላቸው» ተብሎ ተሳቀብን። የሰፈራችን ሰው የበላውን ቀን በሌላ ጊዜ በየቤቱ ጾሞ ከፈለ። ለአባቴ ግን አንድም ሰው አንዲት ቃል አልተናገረውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፤ ለስድብ መልስ አለው። ለዝምታ ምን ይመለሳል?

በቀጣዩ ዓመት ወደ ጉብታው ሊጠሩት መጡ። «ጉልበቴን አሞኛል» አለ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመትም ጉልበቱን አመመው። ያ ጉልበት ጨፋ ድረስ ያስኬደዋል፤ ጉብታዋ ላይ ግን አያወጣውም።

የዓይኑ ነገር የተገለጠው ከዚያ ወዲያ ብዙ ቆይቶ፣ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ የሰው አህያ የራሱ መስሎት እየነዳ ሲመጣ ነው። ባለ አህያውም አባቴን ማሳፈር ከብዶት እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ ዝም ብሎ ተከተለው አሉ። ደሴ ወስደን አሳከምነው። ቀኝ ዓይኑ ዳነ። ግራው ግን ሞራው በጣም ስለቆየበት ተጎድቷል፤ ሐኪሙ «ቀደም ብሎ ቢመጣ ጥሩ ነበር» አለን። ቤት ገብቶ ፋሻው ሲነሳለት አባቴ ግድግዳውን ዙሪያውን አየና እናቴን «እንዲህ ባለ እድፍ ውስጥ ነው የምታኖሪኝ?» አላት። እናቴም «ገንዘባችንን ከፍለን ነገረኛ ገዛን» አለች። በሳቅ ፈረስን።

ሳቁ አልቆየም። ማየት ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት የማያይ እንደነበር ገባው። ያ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ጉብታው ላይ ምን ነበር ያየው? ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። አብረውት የነበሩትን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሁሉም ያው ናቸው፤ «አይተዋል እንጂ፣ ወላሂ እኛም አይተናል» ይሉታል። በጠየቀ ቁጥር የበለጠ ደክሞት ይመለሳል። አንድ ቀን እኔን ጠየቀኝ።

«አይተሃል አባ» አልኩት።

«አንቺም?» አለኝ።

ያን ቀን ጨረቃዋ መታየት ትችል እንደነበርና እንዳልነበር በስሌት ማወቅ ይቻላል። ማስላት አያቅተኝም ነበር፤ አላሰላሁም። ውጤቱ ምንም ቢሆን ከአባቴ ጎን እንደምቆም አውቃለሁና ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው አባቴ እንዲያሸንፍ ብቻ ነበር። በሰንበቴ ገበያ የሳቁበትን ሁሉ አፍ እንዲያስይዝልኝ ነበር የምመኘው። ቁጡ ነኝ፤ ቁጣዬን ሰው ከእናቴ የወረስኩት ነው ይላል፣ እናቴ ከአባቷ ነው ትላለች።

ትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ ከውጭ በስጦታ የመጣ፣ ማንም ያልነካው ቴሌስኮፕ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ አፉ ሰፊ፣ ሲያዩት የወተት ማመላለሻ በርሜል ይመስላል። ርእሰ መምህሩን ለምኜ ቤት ወሰድኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አባቴን በሚቀጥለው ረመዳን ጉብታዋ ላይ አውጥቼ ጨረቃዋን በደንብ አሳየዋለሁ፣ እሱም «ያን ዓመት ያየሁት ይህችኑ ነው» ይላል፣ ነገሩ ያበቃል።

እንዲህ ዓይነቱን ቴሌስኮፕ ፈጣን ይሉታል። ይሮጣል ማለት አይደለም። ከታች ያለው መስታወት ብርሃኑን በአጭር ርቀት ላይ ስለሚሰበስበው ምስሉ ደማቅ ይሆናል። ችግሩ የትኩረቱ ጥበት ነው፤ ምስሉ ጠርቶ የሚገኝባት ቦታ ከወረቀት ውፍረት ብዙም አትበልጥም። ማስተካከያውን ትንሽ ካዞሩት አልፈዋታል፤ ትንሽ ከመለሱት ገና አልደረሱባትም።

አንድ ምሽት ግቢያችን ውስጥ አቆምኩትና ኮከብ አነጣጥሬ፣ ለራሴ ዓይን አጥርቼ፣ አባቴን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ጉም ነው» አለ።

«አጥርተህ እይ እንጂ።»

«ያለውን ነው የነገርኩሽ።»

የኔ ዓይንና የሱ ዓይን ለየቅል ነው፤ ለኔ የጠራው ለሱ አይጠራም። ስለዚህ እኔ እያዞርኩ «አሁንስ? አሁንስ?» እለው ጀመር። በመጨረሻ ቀና ብሎ «የጠራው የትኛው እንደሆነ በምን ላውቀው? ጉሙም እኮ ያኔ የጠራ ይመስለኝ ነበር» አለኝ።

ያ ሁሉ ሰው የመሰከረለት ዓይን፣ አሁን ድኖ እንኳ ባለቤቱ አላመነውም። ቴሌስኮፑን ሸፍኜ ገባሁ።

በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ስፈልግ፣ በቴሌስኮፕ አፍ ላይ የሚገጠም፣ በሦስት አቅጣጫ የተሰነጣጠቀ ክዳን አየሁ። ፊዚክሱን አውቀዋለሁ፤ ዲፍራክሽን እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው ነው። ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ጎንም ይበተናል። ስለዚህ በክዳኑ በኩል የታየች ኮከብ ሦስት የብርሃን መስመሮች ታወጣለች። ሁለቱ እንደ ተከፈተ መቀስ ይቆላለፋሉ፤ ሦስተኛዋ በነሱ መካከል ታልፋለች። ትኩረቱ ከተዛባ ያቺ ሦስተኛ መስመር ወደ አንድ ጎን ትሸሻለች፤ ትኩረቱ ሲገኝ መቀሱ በሚቆላለፍበት ላይ ልክ ትቀመጣለች። ጠራ አልጠራ የሚል ክርክር ቀረ። መስመሯ መካከል ናት ወይስ አይደለችም? ይህን አባቴ ራሱ ማየት ይችላል፤ የማስተካከያውንም ቁልፍ ራሱ ማዞር ይችላል።

ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ያልጠበቅሁትን ነው። «መሣሪያው እኔን ያውቀኛል?»

«እንዴት ያውቅሃል?»

«ጥሩ» አለ። «የማያውቀኝ ነው የምፈልገው።»

የመጀመሪያውን ክዳን ከካርቶን በምላጭ ቆረጥኩ። ሥዕሉን የወሰድኩት ለረጅም ቴሌስኮፕ ከተሠራ ነበር። ኮከብ ላይ ሳነጣጥር መስመሮቹ አጫጭርና ድፍን ሆነው ኮከቧ ላይ ተለጠፉ፤ መካከለኛዋን ከሌሎቹ መለየት አይቻልም። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ገባኝ። ብርሃኑ ከስንጥቁ ወጥቶ የሚበተነው እስከ ትኩረቱ ድረስ ባለው ርቀት ነው። በአጭር ቴሌስኮፕ ርቀቱ ስለሚያንስ መስመሮቹ ለመዘርጋት ቦታ ያጣሉ። መፍትሔው ስንጥቆቹን ማጥበብ ነው፤ ስንጥቁ በጠበበ ቁጥር ብርሃኑ የበለጠ ይበተናል። አጠበብኩት። አሁን ደግሞ በስንጥቆቹ መካከል የሚቀሩት የካርቶን ዘንጎች ቀጥነው የከሚሴ ሙቀት አጣመማቸው። እናቴ መጥታ አየችና «ይኼ ምንድነው? ወንፊት እንዳልለው ሰፋ፣ አጥር እንዳልለው ጠበበ» አለች። አባቴ «ፍርግርግ ነው» አላት። ስሙ በዚያው ጸና።

ካርቶኑን ትቼ ከጥቁር ወፍራም ፕላስቲክ ቆረጥኩ። ይኼኛው አልተጣመመም። መስመሮቹም ረጅምና ቀጫጭን ሆኑ። ነገር ግን አንድ የማላውቀው እንግዳ መስመር ከመካከለኛዋ ላይ ተደርቦ ቁጭ አለ። ሰነበትኩበት። ተማሪዎቼን ተቆጣሁ፣ እናቴን ተቆጣሁ፣ ስሌቴን ሦስቴ አረምኩ። ለካ ስሌቱ ምንም አልሆነም። በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ትንሿን መስታወት የያዙ አራት ቀጫጭን ክንዶች አሉ፤ እነሱም እንደ ፍርግርጉ የራሳቸውን መስመር ያወጣሉ። ፍርግርጉን በእጄ ጥቂት አዞርኩት። መስመሮቹ ተለያዩ። ያን ሁሉ ቁጣ ያባከንኩበት ነገር በአንድ እጅ ማዞር አለቀ፤ ለቤተሰቤ ግን ከባድ ነበር ብዬ ነው የነገርኳቸው።

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርግርጉ ያየ ምሽት፣ ምዕራብ ላይ ደምቃ ወደምትታየው የምሽት ኮከብ አነጣጠርኩለት። እንዴት እንደሚያዞር አሳየሁት። በዚያ እርፍ ባደነደነው ጣቱ ቁልፉን ቀስ እያደረገ አዞረ፣ አለፈ፣ መለሰ፣ ቆመ። «መካከል ገባች» አለ። እኔ ሳየው ለኔ ዓይን መስመሯ ጎን ላይ ናት፤ ለሱ ዓይን ልክ ነበር ማለት ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። እሱ ግን አልተደሰተም። እንደገና ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ በኦሮምኛ፤ ልጄ ሲል ነው፣ ነገር ሲከብደው እንዲህ ይለኛል። «እነዚህ መስመሮች ኮከቧ ላይ ናቸው?»

«አይ። ሰማይ ላይ የሉም። ብርሃኑ በፍርግርጉ ሲያልፍ የሚፈጠሩ ናቸው።»

«ፍርግርጉ ከሌለ የሉም።»

«የሉም።»

«እሺ» ብሎ ገባ። እራቱን ሳይጨርስ ተኛ። እናቴ «ምን አልሽው?» ብላ ተቆጣችኝ። ምንም አላልኩትም ነበር፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ሲሆን፣ ጉልበቴን አሞኛል ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ለብሶ በር ላይ ቆመ። ቴሌስኮፑን በባጃጅ እስከ ጉብታው ሥር ወሰድነው፤ ከዚያ ጎረቤታችን ነጋዴው ተሸክሞ አወጣልን። ወንዶቹ አባቴን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አካም፣ ነጋያ?» እየተባባሉ እጁን ሳሙት። የደህንነት ሰላምታው ረዘመ፤ ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት የሚበቃ ነበር። ሴት መጣች ብሎ ያጉረመረመ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ቴሌስኮፑን ሲያይ ግን ዞሮ ዞሮ ወደኔው ተጠጋ። ሌላው፣ የሰፈሩ መስጊድ ኢማም፣ በጨዋ አንደበት «ምስክርነቱ በዓይን ነው፤ በመስታወት የታየውን አንቀበልም» አለ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ለምስክርነት አልመጣሁም።»

ጀምበሯ ከተራራው ኋላ ገባች። ሰማዩ ገና ብርሃን እያለ ያቺው የምሽት ኮከብ ብቅ አለች። ፍርግርጉን ገጠምኩ፤ አባቴ ቁልፉን አዞረ፣ መስመሯን መካከል አገባ፣ ቁልፉን አጠበቅሁት። ፍርግርጉን አውልቄ ቱቦውን ወደ ተራራው ጫፍ መራሁት። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ። አገኘኋት፤ ለኔ ዓይን ደብዛዛ ብትሆንም አወቅኋት። ከጥፍር ቁራጭ የቀጠነች፣ በጀርባዋ የተንጋለለች። «አባ፣ ና» አልኩት።

አባቴ አየ። ለሱ የጠራች ነበረች፤ ከፊቱ አወቅሁ። ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ በባዶ ዓይኑ ወደ ተራራው አየ። መልሶ በቴሌስኮፑ አየ። እኔ ጎኑ ቆሜ «ያን ዓመት ያየሁት ይህችን ነው በል፣ በል» እያልኩ በልቤ ስለምነው ነበር። በዚህ መካከል አንድ ጎልማሳ ጣቱን ቀስሮ «አርጌራ» አለ። ሌላውም «አርጌራ» አለ። እውነት ነበር፤ ጣታቸው ቴሌስኮፑ ወዳነጣጠረበት ነው የተቀሰረው። ሰዉ ሁሉ ግን እነሱን ትቶ ወደ አባቴ ዞረ።

ነጋዴው በአክብሮት «አንቱስ አባባ? አዩዋት አይደል?» አለ።

«በመስታወቱ አይቻታለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ። «በዓይኔ አላየኋትም።» ከዚያም ድምፁን ከፍ አደረገ። «ያን ዓመትም አላየኋትም።»

«ኧረ አይተዋል» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም ተነሳ። እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው።

«ጨረቃ ምን እንደምትመስል አሁን እንደገና አየሁ። ያን ቀን ያየሁት ይህችን አይደለም። ከዚያች ኮከብ የወጣች ቀጭን መስመር ነበረች። ልጄ ፍርግርጉን ስትገጥም መስመሯ ወጣች፤ ስታወልቀው ጠፋች። ያኔ ፍርግርጉ ዓይኔ ውስጥ ያለው ሞራ ነበር። ሒን አርጊኔ፤ አላየሁም። ጾማችሁን አስፈትቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ አውፍ በሉኝ።»

ያን ምሽት አባቴ እንዳሸነፈ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ፊቴን የምደብቅበት አጥቼ የቴሌስኮፑን ክዳን እፈልግ ጀመር። ኢማሙ «አውፍ ብለናል፤ ለሁላችንም አውፍ ይበለን» አለ። ቀጥሎ ነጋዴው ራሱን አቀርቅሮ መጣና የአባቴን እጅ ያዘ።

«አባባ፣ ያን ቀን እኔም አላየሁም ነበር። እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው አየሁ ያልኩት።»

«እኔም» አለ ሌላው። ሌሎችም እየተጠጉ «እኔም» አሉ።

አባቴ በአንድ ዓይኑ አንድ በአንድ አያቸው። አልተቆጣም። ውሃ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ድምፁ።

«ብትነግሩኝ ኖሮ ያኔውኑ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር» አለ። «ግራዬም ይተርፍ ነበር።»

ነጋዴው እጁን ሳይለቅ አለቀሰ። አባቴ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «በል፣ በቃ፤ ነገ ዒድ ነው፤ ሰዎቹ በዓይናቸው አይተዋታል» አለው። መግሪብ ጉብታዋ ላይ ተሰገደ። እኔ ወደ ኋላ ቆሜ ሰገድኩ። ምን ብዬ እንደለመንኩ ይታወቀኛል፤ ለኔው ይቅር።

ስንወርድ ጨልሞ ነበር። ቴሌስኮፑን ነጋዴው ተሸክሞ ቀደመ። አባቴና እኔ ቀስ እያልን ከኋላ ወረድን፤ ፍርግርጉን በብብቴ ይዣለሁ። መንገዱ ድንጋያማ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ የታወቀን ሰው ስለ ዓይኑ መጠየቅ ማሳፈር መሰለኝና ዝም ብዬ መሄድ ፈለግሁ። ከዚያ ተውኩትና ጠየቅሁት።

«አባ፣ ድንጋዩ ይታይሃል?»

ቆመ። ወደ መሬቱ ጎንበስ ብሎ አየ።

«አይታየኝም» አለ። «እጄን ያዢኝ።»